ትልቅ ተገጣጣሚ ቴሌስኮፕ በደሴ ግቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ 16 ኢንች ቴሌስኮፔን ግቢ ውስጥ ሳቆም ጎረቤትም፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የሚመጣ እንግዳም የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ዶብሶኒያን የሚባለው ምን ዓይነት ቴሌስኮፕ ነው?

ብርሃን የሚሰበስበው በሌንስ ሳይሆን በመስታወት ነው። ከታች ጎድጎድ ያለ ትልቅ መስታወት አለ። የኮከቡን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከላይ ዘመም ብሎ የተቀመጠ ትንሽ መስታወት ይቀበልና ወደ ጎን ያወጣዋል። ዓይናችንን የምናስጠጋው እዚያ ጋ ነው። ይህን አሠራር አይዛክ ኒውተን በ1668 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አሳይቷል።

ስሙ የመጣው ከጆን ዶብሰን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መነኩሴ የነበረ ሰው ነው። በ1960ዎቹ ከመርከብ መስኮት መስታወት፣ ከወፍራም የካርቶን ቱቦና ከኮምፔንሳቶ ትልልቅ ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። ከዚያ መንገድ ዳር አውጥቶ ለአላፊ አግዳሚው በነፃ ያሳያል። የእሱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ቴሌስኮፑ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ በእጅ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋል። ሞተር የለውም፣ መብራት አይፈልግም። ለእኛ አገር ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ዓይነት አላየሁም።

«ተገጣጣሚ» ለምን ተባለ?

መስታወቱ ሰፊ ሲሆን ቱቦውም ይረዝማል። የ16 ኢንቹ ቱቦ ወደ 1 ሜትር ከ80 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቱቦ በበር ለማስገባት ያስቸግራል፣ ሚኒባስ ላይም በቀላሉ አይጫንም። ስለዚህ ቱቦው ቀርቶ በስምንት የአልሙኒየም ዘንጎች ተተካ። ምሽት ላይ ይገጠማል፣ ሲያበቃ ይፈታል፣ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ያድራል።

ስንት ኢንች ይበቃኛል?

ገና ለሚጀምር ሰው 8 ኢንች ጥሩ ነው። መገጣጠምም አያስፈልገውም። ወደ 16 ኢንች ስትሄዱ ስፋቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚሰበስበው ብርሃን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ጨለማ የለመደ ዓይን ብሌኑ ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። 16 ኢንች ማለት 406 ሚሊ ሜትር ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት ከዓይናችን ከ3,300 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ለማነጻጸር ያህል፣ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች መስታወታቸው እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ናቸው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። የሚያግዛችሁ ሰው ከሌለ 12 ኢንች ላይ ቁሙ። ቤት ውስጥ ወንድም፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ካለ 16 ኢንች ይቻላል። የኔው ዋና መስታወት ብቻውን 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከነሳጥኑ አንድ ሰው ቢያነሳው ለወገብም ለመስታወቱም ክፉ ነው።

ለመግጠም ምን መሣሪያ ያስፈልጋል?

ብዙ አይደለም። ለብሎኖቹ ልክ የሆነ ብሩጎላ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ ቀይ መብራት። ቀይ መብራት ካላገኛችሁ በራስ ባትሪ ላይ ቀይ ፌስታል ደራርባችሁ በናስትሮ እሰሩ። ነጭ መብራት ጨለማ የለመደን ዓይን በቅጽበት ያበላሸዋል፤ እንደገና እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

ትርፍ ዳዶና ሮንዴላ በትንሽ ቆርቆሮ ያዙ። ሣር ውስጥ ሌሊት የወደቀ ዳዶ እስኪነጋ አይገኝም። እኔ አሁን የእጅ ብሎኖቹን ሁሉ በክር ከዘንጋቸው ጋር አስሬአቸዋለሁ።

በምን ቅደም ተከተል ነው የሚገጠመው?

ከታች ወደ ላይ። መጀመሪያ መቀመጫ ሳጥኑን መሬት ላይ አድርጉና በውሃ ልክ እዩት። ፍጹም ልክ ባይሆን ግድ የለም፤ ግን ከተዘነበለ ቴሌስኮፑ ራሱ ወደ ቁልቁለቱ መዞር ይጀምራል። ቀጥሎ የመስታወት ሳጥኑ ነው። በሁለቱ ጎኖቹ ግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች አሉ፤ ፎርማይካ ተለብጠዋል፣ የሚያርፉትም ትንንሽ ቴፍሎኖች (የሚያንሸራትቱ ፕላስቲኮች) ላይ ነው። ሁለት ሰው ሆናችሁ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። ቴፍሎኑ ላይ አሸዋ ካለ ጥረጉት። አንዲት ጠጠር ከገባች ግፊታችሁ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ስምንቱ ዘንጎች። ሁለት ሁለት እየሆኑ ጫፋቸው ላይ ይገናኛሉ፤ ከጎን ስታዩዋቸው እንደ ጎጆ ማገር ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሁሉንም ታች በላላው እሰሩ፤ አታጥብቁ። ትንሹን መስታወት የያዘውን የላይኛውን ቀለበት አንዱ ሰው ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው አራቱን ጫፎች ያስገባ። አራቱም ከገቡ በኋላ ብቻ፣ እያቀያየራችሁ በመስቀል አቅጣጫ አጥብቁ። አንዱን አጥብቆ ወደሚቀጥለው መሄድ ቀለበቱን ያጣምመዋል። ዘንጎቹ ላይና ቦታቸው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ናስትሮ ለጥፉ፤ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ሁልጊዜ አንድ ዘንግ አንድ ቦታ ሲገባ መስታወቶቹም ከትናንቱ ብዙ ሳይርቁ ይገኛሉ።

አንድ ነገር አደራ። የመስታወቱ ክዳን የላይኛው ቀለበት ታስሮ እስኪያልቅ አይነሳ። በመጀመሪያው ዓመት ክዳኑን ቀድሜ አንስቼ ዘንግ ሳጠብቅ ብሩጎላው ከእጄ አመለጠኝ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጠርዙ ላይ የምስር ክክ የምታህል ስንጥር ተነሳች። ምስሉ ላይ ምንም አይታይም። እኔ ግን ክዳኑን ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

በመጨረሻ ጥቁሩን ጨርቅ ዘንጎቹ ላይ አልብሱ። የመንገድና የጎረቤት መብራት እንዳይገባ ይከላከላል፣ የሰው ትንፋሽና የሰውነት ሙቀትም በብርሃኑ መንገድ እንዳያልፍ ያግዳል። የኔን ሰኞ ገበያ ከገዛሁት ጥቁር ጨርቅ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ላይና ታች ላስቲክ አስገብቼበታለሁ። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ተጋብተው ነበር፤ ሲገባቸው ግን ስፌቱን በድርብ ሠሩልኝ።

ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አይግረማችሁ። ከለመዳችሁት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሙከራ በቀን፣ ጥላ ቦታ፣ ክዳኑ ሳይነሳ አድርጉ። እጅ በቀን የለመደውን በጨለማም ያገኘዋል።

ግቢ ውስጥ የት ላቁመው?

ሣር ወይም አፈር ላይ። ሲሚንቶና ኮብልስቶን ቀን የጠጡትን ፀሐይ ሌሊቱን ሁሉ ይመልሱታል፤ ያ ሙቀት ሲወጣ ኮከቡ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሳንቲም ይወዛወዛል። ቆርቆሮ ጣሪያም እንደዚያው ነው። በተለይ ማዕድ ቤት ካለበት ጣሪያ በላይ አትመልከቱ፤ የምድጃው ሙቀት ምስሉን ያፈላዋል።

ደሴ ላይ ሌላ ነገር አለ። በስተምዕራብ የጦሳ ተራራ ቆሟል። ምዕራብ ላይ ያለ ፕላኔት ከሜዳ አገር ቀደም ብሎ ይጠልቅብናል። ስለዚህ ግቢያችሁ ሰፊ ከሆነ ምሥራቁና ደቡቡ ክፍት የሆነበትን ጥግ ምረጡ። የጎረቤት በረንዳ መብራት ካስቸገረ ሄዶ መጠየቅ ነው። «እትዬ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ብታጠፉልኝ፤ እናንተም ኑና እዩ» ስል እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። መብራቱን አጥፍተው ልጆቻቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አይፒሱ፣ ማለትም ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ፣ ቴሌስኮፑ ቀጥ ሲል ከአዋቂ ሰው አገጭ በላይ ስለሚሆን ለልጆች የማይወላገድ ጠንካራ ወንበር አዘጋጁ። አንድ አዋቂም ይደግፋቸው፤ ካልሆነ የሚይዙት ዘንጉን ነው።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ታጥቦ ይጠብቃችኋል። ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ደመና ደጋውን ይጎበኛል፤ ጥሩ ምሽት አይጠፋም፣ ግን አትተማመኑበት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ እኔ መስታወቱን አሽጌ አስቀምጣለሁ።

ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ለማወቅ የሂጅራውን አቆጣጠር የሚከታተል ጎረቤት ጠይቁ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌለው ማን አለ? በወሩ 14 እና 15 ጨረቃዋ ሙሉ ነች፤ ደብዛዛ ነገር አይታይም። ከ22 እስከ ወሩ መጨረሻ ግን የምትወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ምሽቱ ጨለማ ይሆናል።

መጀመሪያ ምን ልይ?

ጨረቃን፤ ሙሉ ሳትሆን ግማሽ ስትሆን። ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ከዚያ ሳተርንን። ቀለበቶቹ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በጠርዛቸው ወደኛ ዞረው ጠፍተው ነበር፤ አሁን በየዓመቱ እየተከፈቱ ነው።

በጥር ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ከአናት ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። ከሦስቱ ተሰላፊ ኮከቦች በታች ያለችው ጭጋግ መሳይ ቦታ ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ነች፤ መሃሏ ላይ አራት ኮከቦች ተጠጋግተው ታያላችሁ። በኅዳር ማታ 3 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ዞራችሁ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ፈልጉ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ኦሜጋ ሴንታውሪ ነው። በግንቦት አጋማሽ ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ በስተደቡብ የሰማዩን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ሚሊዮኖች ኮከቦች አንድ ላይ የታጨቁበት ነው። ከአውሮፓ አብዛኛው ክፍል ከአድማስ በላይ አይወጣም። እኛ ከግቢያችን እናየዋለን። ጎረቤቴ እማማ ዓይናቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩና «ጤፍ በሰፌድ» አሉ። ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አልሰማሁም።

ፎቶ ላይ ባለ ቀለም ነው፤ እኔ ስመለከት ለምን ግራጫ ሆነ?

ዓይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም አይለይም። ካሜራ ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ብርሃን ያጠራቅማል፤ ዓይን አያጠራቅምም። ቴሌስኮፑ አልተበላሸም። የጁፒተርን ቀበቶዎች፣ የማርስን ቅላት፣ የአንዳንድ ኮከቦችን ሰማያዊና ብርቱካናማ ግን በግልጽ ታያላችሁ። ለእንግዳ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። ምን እንደሚጠብቅ ያወቀ ሰው ደብዛዛዋን ጋላክሲ ሲያይ ይደነቃል።

ምስሉ የተገለበጠ መሆኑም ጥፋት አይደለም። የሁለቱ መስታወቶች ባሕርይ ነው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ላይና ታች የለም።

መስታወት ማስተካከል የሚባለው ምንድን ነው? በየምሽቱ ግድ ነው?

ግድ ነው። ብዙ ሰው ቴሌስኮፑን የሚጠላው ይህን ስለሚዘል ነው። በፈታችሁትና በገጠማችሁት ቁጥር ሁለቱ መስታወቶች ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። እርስ በርስ ፊት ለፊት ካልተያዩ ኮከብ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ጭራ ያወጣል። ሥራው ከለመዳችሁት አምስት ደቂቃ ነው።

ቴሌስኮፑን ወደ ሰማዩ አጋማሽ አዘንብሉት፤ ዘንጎቹ በዚያ አኳኋን ትንሽ ስለሚጎብጡ ማስተካከሉ በሥራ ቦታው ይሁን። መስታወት ለማስተካከል የተሠራውን ትንሽ ሌዘር አይፒስ በሚገባበት ቱቦ አስገቡ። ትልቁ መስታወት መሃል ላይ ትንሽ ቀለበት ተለጥፋለች። የትንሹን መስታወት ሦስት ብሎኖች በብሩጎላ በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ ቀዩን ነጥብ ቀለበቷ ውስጥ አስገቡት። አንዱን ስታጠብቁ ሌላውን አላሉ፤ በኃይል አታጥብቁ። ቀጥሎ ወደ ታች ሂዱና የትልቁን መስታወት ብሎኖች አዙሩ፤ የተመለሰው ብርሃን ሌዘሩ ፊት ላይ ካለው ቀዳዳ እስኪገባ ድረስ። ይህ ብቻ ነው። ሌዘሩን ግን በምንም ምክንያት በዓይናችሁ አትመልከቱት፤ ልጆች ካሉ ሥራው እስኪያልቅ ራቅ ብለው ይቁሙ።

ተስተካክሎም ምስሉ ካልጠራ ሌዘሩን ራሱን ጠርጥሩ። ቱቦው ውስጥ እንዳለ አሽከርክሩት። ቀዩ ነጥብ ባለበት ከቆመ ደህና ነው፤ መስታወቱ ላይ ክብ እየሠራ ከዞረ ጠማማው ሌዘሩ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ኮከብ ነው። ደማቅ ኮከብ መሃል ላይ አድርጉና ሆን ብላችሁ አደብዝዙት። የሚወጡት የብርሃን ቀለበቶች መሃል ለመሃል ክብ ከሆኑ ጨርሳችኋል። ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ የትልቁን መስታወት ብሎን በጣም በትንሹ ንኩ።

ሁሉንም አስተካክዬ ጁፒተር አሁንም ይፈላል። ምን ላድርግ?

ጠብቁ። ወፍራም መስታወት ቤት ውስጥ የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። የደሴ ምሽት ደግሞ ፀሐይ እንደገባች በፍጥነት ይቀዘቅዛል። መስታወቱ ከአየሩ እስከሞቀ ድረስ ከፊቱ የሞቀ አየር ይነሳል፤ ምስሉን የሚያፈላው እሱ ነው። ፀሐይ ስትገባ ወደ ውጭ አውጡትና ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ስጡት። ከመስታወቱ ጀርባ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፋን ብታስሩበት ጊዜው ያጥራል፤ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል።

በዚያ ሰዓት ውስጥ በትንሽ ማጉላት ማየት ትችላላችሁ። የኔ ቴሌስኮፕ የትኩረት ርዝመቱ (ከትልቁ መስታወት ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስከሚሠራበት ያለው ርቀት) 1,829 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ለአይፒሱ ቁጥር ሲካፈል ማጉላቱን ይሰጣል፤ በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 73 ጊዜ፣ በ10 ሚሊ ሜትር 183 ጊዜ ያጎላል። ምሽቱን በ25ቱ ጀምሩ። 10ሩን ለኋላ አቆዩት።

ጤዛና ጉም ሲመጣስ?

ደሴ ላይ ጉም ሳይታሰብ ይወርዳል። የሰማዩ ጠርዝ ነጣ ማለት ከጀመረ አትዘናጉ፤ ክዳኑን መልሱ። ጤዛ ቀድሞ የሚይዘው የላይኛውን ትንሽ መስታወትና አይፒሱን ነው። አይፒሶቹን በጋቢያችሁ ውስጥ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የረጠበ መስታወት በጨርቅ አይጠረግም። ቤት አስገቡት፣ ክዳኑን ከፈት አድርጋችሁ ራሱ ይድረቅ። እርጥቡን ዘግቶ ማሸግ የመስታወቱን የአልሙኒየም ሽፋን ይበላዋል። ሐይቅ ዳር ላይ ካቆማችሁት ይህ ችግር በእጥፍ ይጨምራል፤ ከውሃው ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል።

አይፒስ ስቀይር ቴሌስኮፑ ወደ ታች ያጎነብሳል። ለምን?

ሚዛኑ ተዛብቷል። ከባድ አይፒስ ከላይ ሲጨመር የላይኛው ጫፍ ያመዝናል። ትንሽ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ የመስታወት ሳጥኑ ጀርባ ላይ አንጠልጥሉ። ከግማሽ ኪሎ ጀምራችሁ እየጨመራችሁ ሞክሩ። ወደ አድማስ ዝቅ አድርጋችሁ ስትለቁት ካልተንቀሳቀሰ በቂ ነው።

ከደሴ ውጭ ይዤው መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቦሩ ሜዳ ቅርብና ሰፊ ነው። በወረኢሉ መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ስትደርሱ ሰማዩ ሌላ ነው፤ ብርዱም ሌላ ነው፣ ቡሉኮ ያዙ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ምሽቷ ይሞቃል፣ የፋብሪካው መብራት ግን ብዙ ነው።

ሲጫን የመስታወት ሳጥኑ ፍራሽ ላይ ጠፍጣፋ ይቀመጥ፣ ከላዩ ምንም አይጫን። ባጃጅ ላይ ዘንጎቹና ቀለበቱ ይሄዳሉ፤ መስታወቱን ግን ባጃጅ ላይ አልጭንም፣ ንዝረቱ ብዙ ነው። ከሁሉ በፊት የምትሄዱበትን ቀበሌ አስፈቅዱ፤ ለአካባቢው ሽማግሌዎችም ንገሩ። በጨለማ ረጃጅም የብረት ዘንግ ተሸክሞ የሚንቀሳቀስን ሰው ማንም ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የሰዓት ገደብ ባለበት ጊዜ ደግሞ ከግቢ አትውጡ። ሰማዩ አይሄድም።

መስታወቱ አቧራ ያዘ። ላጥበው?

ትንሽ አቧራ ምንም አያደርግም፤ ተዉት። የአልሙኒየሙ ሽፋን ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ለ10 ሺህ ቢከፈል አንዱን ያህል ነው። በሶፍትና በሸሚዝ ጫፍ የሚጠርግ ሰው ለዘላለም ይጭረዋል። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አውጥታችሁ በብዙ ውሃ አለቅልቁት። ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ያለበት ውሃ ውስጥ ንጹሕ ጥጥ ነክራችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በጥጡ ክብደት ብቻ ጎትቱት። የመጨረሻው ማለቅለቂያ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሁን፤ አሲድ ያለበት እንዳይሆን ጠርሙሱን አንብቡ። ከዚያ አቁማችሁ አድርቁት።

የረመዳንንና የኢድን ጨረቃ በዚህ ማየት ይቻላል?

ይህን የሚጠይቁኝ አባቶች ብዙ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሥራ ትልቁ ቴሌስኮፕ አይመችም። አዲሷ ጨረቃ የምትታየው ፀሐይ ከገባች በኋላ ለጥቂት ደቂቃ፣ ምዕራብ አድማስ አጠገብ ነው። ደሴ ከተማ ውስጥ ደግሞ በዚያ በኩል ጦሳ አለ። ምዕራቡ ክፍት የሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በሁለት ዓይን የሚታይበት መነጽር ይዞ መቆም ይሻላል፤ ሰፋ ያለ ሰማይ ስለሚያሳይ ቀጭኗን ክር ቶሎ ያገኛታል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትገባ ግን መነጽሩን ወደዚያ አታዙሩ። ያየነው በቂ ነው አይደለም የሚለው የዑለማዎቹ ጉዳይ ነው፤ የቴሌስኮፕ ባለቤት ሥራ አይደለም።

የፀሐይ ግርዶሽ ሲኖርስ?

የፀሐይ ማጣሪያ ከሌለ በፍጹም። 16 ኢንች መስታወት የሰበሰበው ፀሐይ ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል፣ እንጨትም ያቃጥላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከላይ፣ ከመግቢያው በኩል መሸፈን አለበት፤ አይፒስ ላይ የሚጠለቅ ጥቁር መስታወት ሙቀቱ ሊሰነጥቀው ይችላል። ቀን ላይ ቴሌስኮፑን ክዳኑ ተከፍቶ ውጭ መተውም አደገኛ ነው። ፀሐይዋ ዞራ የገባችበት ጊዜ እሳት ታስነሳለች።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሹ ላሊበላ ላይ ሲያልፍ ብዙ ሰው በግርዶሽ መነጽር ብቻ በደንብ አይቶታል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን ያልፋል፤ እኛ ጋ በከፊል ይሆናል። ወቅቱ ክረምት ነው፣ ደመናው እንዲገልጥልን እንጸልያለን። ለዚያ ቀን የግርዶሽ መነጽር ያዙ፤ ትልቁን ቤት ተዉት።

ከአናቴ በላይ ያለውን ነገር ማግኘት ለምን ከበደኝ?

ይህ የኛ ኬክሮስ ጣጣ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፕላኔቶችና ኦሪዮን ከአናታችን አጠገብ ያልፋሉ። በጥር 2018 ዓ.ም. ጁፒተር በጣም ደምቆ በነበረ ጊዜ ከአናት 11 ዲግሪ ብቻ ነበር የሚርቀው። ዶብሶኒያን ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ ጎን ብትገፉት ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ወደፈለጋችሁት አይሄድም።

መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። ከአናት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ ብታዩት 30 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል፤ እጃችሁም ይታዘዛል። ከፍታው አሁንም በቂ ስለሆነ ምስሉ አይጎዳም።

ኮከቡን ራሱ የሚከታተል መድረክ ልግዛ?

ከሥር የሚቀመጥ፣ ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያዞር መድረክ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ለስንት ዲግሪ እንደተሠራ ጠይቁ። መድረኩ የሚሠራው ለተወሰነ ኬክሮስ ነው። ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ የተሠራው እዚህ አይሠራም። የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፤ መድረኩ የሚዞርበት ዘንግም ያን ያህል ተጋድሞ መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለውን ጠንካራ አድርጎ መሥራት ከባድ ነው። እኔ ገንዘቡን ለጥሩ አይፒስ ባወጣው እመርጣለሁ።

በእጅ መከታተል ይለመዳል። በ183 ጊዜ ማጉላት አንድ ፕላኔት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለማለፍ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ይወስድበታል። ፕላኔቱን በሚገባበት ጠርዝ ላይ አድርጉና እጃችሁን አንሱ። መንቀጥቀጡ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ይቆማል። ከዚያ መሃሉን አቋርጦ ሲያልፍ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ሊወጣ ሲል የቴሌስኮፑን የላይኛውን ቀለበት በሁለት ጣት ገፋ አድርጉት። እንግዳ እየተፈራረቀ የሚያይ ከሆነ በእያንዳንዱ ሰው መሃል እናንተው መልሱት፤ ወንበሩ ላይ የቆመው ልጅ ሲደርስ ሳተርን መሃል ላይ ትጠብቀው።